ሔርሜላና ባለ ነጭ ክሯ ጫጩት

ሔርሜላ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ከአባቷ ከአቶ ብሩና ከእናቷ ከወይዘሮ ፋሲካ ጋር። አባቷ ፋብሪካ ይሠራሉ። እናቷ በጓሮ ጫጩት ያሳድጋሉ። የአንድ ቀን ጫጩቶች ይገዙና በአምፖል ያሞቋቸዋል፤ ሁለት ወር ሲሞላቸው ይሸጧቸዋል።

ዘንድሮ እናቷ ስድስት ጫጩቶች ለይተው ሰጧት።

«እነዚህ ያንቺ ኃላፊነት ናቸው» አሏት። «ውሃቸውንም መኖአቸውንም አንቺ ታያለሽ።»

ሔርሜላ ደስ አላት። እንዳይምታቱባት በየእግራቸው የተለያየ ቀለም ያለው ክር አሰረችላቸው፤ እንዳያጠብቃቸው ላላ አድርጋ። ልጆች፣ እናንተም እንዲህ ካደረጋችሁ ክሩን በየሳምንቱ እዩት። ጫጩት ቶሎ ያድጋል፤ ክሩ ግን አያድግም።

ጫጩቶቹ አንድ ወር ካለፋቸው በኋላ ሔርሜላ አንድ ነገር አስተዋለች። ባለ ቀይ ክሯ ሁሉንም ትነቁራለች፤ እሷን ግን ማንም አይነቁራትም። ባለ ቢጫ ክሯ ከቀይዋ በቀር ሌሎቹን ትነቁራለች። ባለ አረንጓዴዋ ከሁለቱ በታች ናት። እንዲህ እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ ባለ ነጭ ክሯ ትገኛለች። እሷን ሁሉም ይነቁሯታል። እሷ ማንንም አትነቁርም። የምትበላው ሌሎቹ ጠግበው ሲሄዱ ነው።

ሔርሜላ ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀደደች። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ጽፋ በዶሮ ቤቱ በር ላይ ለጠፈችው። ከላይ «የጎበዞች ተራ» ብላ ጻፈች።

እናቷ አነበቡት። «ጎበዝ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?»

«ጭንቅላት ያላት ከላይ፣ ፈዛዛዋ ከታች።»

«መቼ ፈተንሻቸው?»

«ምን መፈተን ያስፈልጋል እማዬ? ይታያል እኮ።»

እናቷ የመኖ ጆንያ ተሸክመው ስለነበር ነገሩን አልገፉበትም።

አሁን ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቷ ልንገራችሁ። እዚያም ተራ ነበረ። አንድ ልጅ ጥቅስ በቃሉ ሲል በግድግዳው ሰንጠረዥ ላይ በስሙ አንድ ኮከብ ይለጠፍለታል። ብዙ ኮከብ ያለው በፊተኛው አግዳሚ ይቀመጣል፤ ጥቂት ያለው በኋለኛው። ሔርሜላ ሃያ ሦስት ኮከብ ነበራት። ጥቅስ ማጥናት መልካም ነው፤ ይህን ስነግራችሁ አታጥኑ ማለቴ እንዳይመስላችሁ።

በኋለኛው አግዳሚ፣ በሩ አጠገብ፣ አሞጽ የሚባል ልጅ ይቀመጥ ነበር። ዕድሜው አሥር ነው። አባቱ አቶ ደምለው የቀን ሥራ ይሠራሉ። ከገጠር ከመጡ ገና ዓመታቸው ነው። አሞጽ ማንበብ የጀመረው ዘግይቶ ስለሆነ ጥቅስ ለማጥናት ይቸገራል። አራት ኮከብ ብቻ ነበረው። ልጆቹ «በር ጠባቂው» ይሉታል። ሲሉት እሱም ትንሽ ፈገግ ይላል። ፈገግ ያለ ልጅ ሁሉ አልከፋውም ማለት አይደለም፤ ይህን አስቡበት።

አንድ እሑድ አስተማሪያቸው ቲቸር ነፃነት ደብዳቤ አነበበችላቸው። ደሴ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅታለች። ከየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ሁለት ልጆች ይመጣሉ። ከጥያቄዎቹ ግማሹ በቃል የተጠና ነው፤ ግማሹ ታስቦ የሚመለስ ነው።

ቲቸር ነፃነት ሔርሜላን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ለጥቅሱ አንቺ ትሄጃለሽ። ለሚታሰበው ደግሞ ሚርያምን ወይም አሞጽን ልወስድ አስቤያለሁ።»

«አሞጽን?» አለች ሔርሜላ።

«አንድ ቀን ጥሩ ጥያቄ ጠይቆኛል፤ አልረሳሁትም። እኔ ደሴ ዩኒቨርሲቲ ፈተና አለብኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የለሁም። ይህን ጥያቄ ያዢ። ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቂያቸው። የመለሱትን ጻፊና ሐሙስ ማታ በስልክ ንገሪኝ። አርብ ጠዋት የሁለታችሁን ስም እልካለሁ።»

በወረቀቱ ላይ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ሌዊ ከይሁዳ በፊት ተወለደ። ይሁዳ ከዮሴፍ በፊት ተወለደ። ከሌዊና ከዮሴፍ ታላቁ ማን ነው? እንዴት አወቅህ?»

ሰኞ ዕለት ሔርሜላ ሚርያምን ጠየቀቻት። ሚርያም ጓደኛዋ ናት፤ ደግ ልጅ ናት።

«ሌዊ» አለች ሚርያም።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እንዲሁ። መጀመሪያ የጠራሽው እሱን ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሔርሜላ «ሚርያም፦ መለሰች» ብላ ጻፈች።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሞጽን አየችው። ቦኖ ውሃ ተሰልፏል፤ ቢጫ ጀሪካን ይዟል። ከሩቅ እጁን አነሣላት። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሔርሜላ ቆመች።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንይ። በልቧ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው «አራት ኮከብ ያለው ልጅ ምን ሊመልስ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሚርያም ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደሴ መሄድ ትፈልግ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ተደጋገፉ። እሷም እጇን አነሣችለትና መንገዷን ቀጠለች።

ማታ «አሞጽ፦ ጠየቅሁት፤ አላወቀም» ብላ ጻፈች። በእናቷ ስልክ ለቲቸር ነፃነት አነበበችላት።

«ቀስ ብለሽ ነው የጠየቅሽው?» አለች ቲቸር ነፃነት። «አሞጽ ጊዜ ይፈልጋል።»

«አዎ፣ ቲቸር።»

እንግዲህ ሁለት ውሸት ሆነ። የመጀመሪያውን ስትጽፍ ሁለተኛው እንደሚመጣ አላሰበችም ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው እትዬ ሀናን መጡ። በአንድ እጃቸው ጎረምሳ አውራ ዶሮ፣ በሌላው ትንሽ ጫጩት ይዘዋል።

«ፋሲካ፣ የወንድሜ የሙንዚር ሰርግ ደሴ ነው» አሉ። «እስከ እሑድ እነዚህን ያዢልኝ።»

«ሔርሜላ ትይዛቸዋለች።»

«እንግዲህ አደራ፣ ሔርሜላ። ጎረምሳው ኃይለኛ ነው።»

«ከኔዎቹ ጋር ቢጣሉስ?»

«አብሽሪ፣ ይለምዳሉ። ብቻ በአንዴ አትቀላቅያቸው።»

ሔርሜላ የዶሮ ቤቱን በሽቦ መረብ ለሁለት ከፈለችው። ስድስቱ ወዲህ፣ ጎረምሳው ወዲያ ሆኑ። ትንሿን ጫጩት ከመረቡ አጠገብ በቅርጫት አስቀመጠቻት።

ባለ ቀይ ክሯ ግን ዝም ብላ የምትቀመጥ አልነበረችም። በመረቡ ሥር ክፍተት አገኘችና ወደ ጎረምሳው ገባች። ላባዋን ነፋች። ጎረምሳው ራሷን ሁለት ጊዜ ነቆራት። ማእዘን ውስጥ ገብታ አጎነበሰች። ሌሎቹ አምስቱ በመረቡ በኩል ቆመው ይህን ያዩ ነበር።

ሔርሜላ ቀይዋን አወጣቻትና እንድታርፍ ከቅርጫቱ ጎን አስቀመጠቻት። ትንሿ ጫጩት አንገቷን ብቅ አደረገች። ቀይዋ ወዲያው ነቆረቻት። ትንሿ ራሷን ቀበረች። አምስቱ ይህንንም አዩ። ሔርሜላ ቀይዋን ወደ ቦታዋ መለሰችና ክፍተቱን በድንጋይ ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ አብረዋት ወጡ። «ሌሊቱን ተያይተዋል። መረቡን አንሺው፤ እኛም እዚሁ ቆመን እንያቸው» አሏት።

ሔርሜላ መኖውን በሁለት ሳህን አደረገች። አንዱን ጎረምሳው አጠገብ፣ ሌላውን ከቅርጫቱ ባወጣቻት በትንሿ ጫጩት አጠገብ አኖረች። ከዚያ መረቡን አነሣችው።

ቀይዋ ወደ ጎረምሳው አልተጠጋችም። ትናንት በራሷ ላይ አይታዋለች። ቢጫዋ ግን በቀጥታ ወደ ሳህኑ ሄደች፤ ተነቁራ ተመለሰች። አረንጓዴዋም ሄደች፤ እሷም ተነቁራ ተመለሰች። ቢጫዋና አረንጓዴዋ ሞኞች ናቸው አልልም። ምናልባት በጣም ርቧቸው ይሆናል።

ባለ ነጭ ክሯ ቆመች። ራሷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዐይኗ ጎረምሳውን አየችው። ከዚያ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዞራ ወደ ትንሿ ጫጩት ሄደች። አጠገቧ ቆማ መልቀም ጀመረች። ትንሿ ቀና ብላ ስታያትም አልሸሸችም።

«ፈሪ ስለሆነች ነው» አለች ሔርሜላ።

«ፈሪ ብትሆን ትንሿንም ትሸሽ ነበር» አሉ እናቷ። «እሷም ለነጯ እንግዳ ናት።»

እናቷ ቀጠሉ።

«ትናንት ጎረምሳው ማንን አሸነፈ?»

«ቀይዋን።»

«ቀይዋስ ነጯን?»

«ሁልጊዜ ታሸንፋታለች።»

«ታዲያ ጎረምሳው ለነጯ ምን ይሆናል?»

«አትችለውም።» ሔርሜላ ትንሽ አሰበች። «ግን ከእሱ ጋር ተጣልታ አታውቅም እኮ።»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው። ሳትነቆር አወቀችው።»

«ትንሿንስ?»

«ትንሿንም ነጯንም ቀይዋ ታሸንፋቸዋለች። ከሁለቱ ማን እንደሚበልጥ በዚያ አይታወቅም። ስለዚህ ሄዳ ሞከረች። እኔ የጫጩት ልብ አላውቅም፣ ልጄ። ያየሁትን ነው የምልሽ።»

«እማዬ፣ እሷ እኮ የመጨረሻዋ ናት።»

«በመንቆር የመጨረሻ ናት። አንቺ የጻፍሽው ግን የጎበዞች ተራ ብለሽ ነው።»

እዚህ ላይ እንዳልሳሳት ልጠንቀቅ። ታች ያለ ሁሉ ብልህ ነው፣ ላይ ያለ ሁሉ ሞኝ ነው ብዬ እያስተማርኳችሁ አይደለም። የነገርኳችሁ ስለነዚህ ስድስት ጫጩቶች ብቻ ነው። በሌላ ቤት ሌላ ሊሆን ይችላል። የሔርሜላ ስሕተት ሳትፈትን አውቃለሁ ማለቷ ነበር።

ሔርሜላ ወደ በሩ ሄደች። ወረቀቱን ላጠችው። «የጎበዞች ተራ» የሚለውን እንደገና አነበበችው። ያልፈተነችው ጫጩቶቹን ብቻ አልነበረም።

«እማዬ፣ አሞጽ ቤት ደርሼ ልምጣ?»

«ምን ልታደርጊ?»

«አንድ ነገር ልጠይቀው።»

አሞጽ ከቤታቸው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የታናሽ እኅቱን ጫማ ይሰፋ ነበር። ሔርሜላ ሰላም ብላው ጥያቄውን ከወረቀቱ ላይ አነበበችለት። አሞጽ መርፌውን አቆመ።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። እሱም ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ሔርሜላ ዝም ብላ ጠበቀችው።

«ሌዊ ነው ታላቁ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ቦኖ ስንሰለፍ እንደምናደርገው ነው። እኔ ካንቺ ፊት ከቆምኩ፣ አንቺ ደግሞ ከሚርያም ፊት ከቆምሽ፣ ሚርያምን ዞር ብዬ ባላያትም ከኋላዬ ናት። ሌዊ ከይሁዳ ይቀድማል፤ ይሁዳ ከዮሴፍ ይቀድማል። አለቀ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «የምን ጥያቄ ነው?»

ሔርሜላ «ነገ እነግርሃለሁ» ብላው ሄደች።

እሑድ ጠዋት ከትምህርቱ በፊት ቲቸር ነፃነትን ከበሩ ላይ ጠበቀቻት። ብትናገር ደሴ መሄዱ ሊቀርባት እንደሚችል ታውቅ ነበር። ባትናገር ደግሞ አሞጽ ይቀርበታል፤ ለምን እንደቀረበትም አያውቅም።

«ቲቸር፣ አሞጽን አልጠየቅሁትም ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ጠየቅሁት፣ አላወቀም ያልኩሽ ውሸት ነው። ትናንት ጠየቅሁት። መለሰው። እንዴት እንዳወቀም ነገረኝ። ሚርያም ግን እንዲሁ ነው ያለችው።»

ቲቸር ነፃነት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ስማችሁን አርብ ልኬዋለሁ፣ ሔርሜላ። ያንቺንና የሚርያምን።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ስም ልቀይር ብዬ ብደውል ይቀይሩልኛል። የማንን ልቀይር? ሚርያም የዋሸችው ነገር የለም።»

ሔርሜላ መሬት መሬት አየች። ልጆች፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱን ታውቁታላችሁ። እሷም ታውቀው ነበር። ከባዱ መናገሩ ነው።

«የኔን ቀይሪው» አለች። እንባዋ መጣ። «ሚርያም ጥቅስ ታውቃለች፤ ከኔ አታንስም። አሞጽ ለሚታሰበው ይግባ።»

ቲቸር ነፃነት ትከሻዋን ያዘቻት። «እኔም ጥፋት አለብኝ። የራሴን ሥራ ላንቺ ሰጠሁሽ። ማን የት እንደሚቀመጥ በኮከብ የደለደልኩትም እኔ ነኝ። እሱን አስተካክላለሁ። ያንቺን ግን አንቺ ራስሽ ለአሞጽ ንገሪው።»

አሞጽ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሔርሜላ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ያ ጥያቄ ለደሴው ውድድር ነበር» አለችው። «ሐሙስ ቦኖ ጋ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ሳልጠይቅህ አላወቀም ብዬ ጻፍኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

አሞጽ ጆሮው ቀላ።

«ከሩቅ አይቼሽ፣ ወደኔ የምትመጪ መስሎኝ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«በር ጠባቂ የምትሉኝንም አልወደውም።»

«ሁለተኛ አልልህም።»

«እሺ፣ ይቅር ብያለሁ» አለ አሞጽ። ከዚያ ደነገጠ። «ግን ጥቅስ ቢጠይቁኝስ? እኔ እኮ አራት ብቻ ነው የማውቀው።»

«ሁለት ሳምንት አለን። አስጠናሃለሁ።»

አስጠናችውም። ስታነብለት እየሰማ ሲያጠና ይቀለው ነበር። በሁለት ሳምንት ስድስት አወቀ። ስድስት ብዙ አይደለም፤ ግን ከአራት ይበልጣል። በእነዚያ ሳምንታት ቲቸር ነፃነት አግዳሚዎቹን በክብ አደረገቻቸው። ፊተኛም ኋለኛም ጠፋ። አንዳንድ ልጆች አጉረመረሙ፤ በኋላ ለመዱት።

የውድድሩ ቀን ሚኒባሱ ዳገቱን ይዞ ወደ ደሴ ወጣ። ከኮምቦልቻ ሙቀት የመጡት ልጆች ፒያሳ ሲወርዱ ብርዱ ያዛቸው። ሔርሜላ ከተመልካቾች ጋር ተቀመጠች። ሚርያምና አሞጽ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሚርያም ጥቅሶቹን አንድ በአንድ በቃሏ አለቻቸው። ከዚያ ጠያቂው ሽማግሌ ወደ አሞጽ ዞሩ።

«ሳኦል ከዳዊት በፊት ተቀባ። ዳዊት ሲቀባ ገና ብላቴና ነበር። ሰሎሞን የዳዊት ልጅ ነው። ሳኦል ሲቀባ ሰሎሞን ተወልዶ ነበርን?»

አሞጽ ዝም አለ። አዳራሹ ጠበቀ። ከሔርሜላ ኋላ አንድ ልጅ «ጠፋው» ብሎ ሳቀ። ሔርሜላ ዞር ብላ «እያሰበ ነው» አለችው።

«አልተወለደም» አለ አሞጽ። «ዳዊት ራሱ በኋላ ሲቀባ ልጅ ነው። ልጅ ልጅ አይወልድም። ሳኦል ሲቀባማ ሰሎሞን የት አለ?»

ሽማግሌው ሳቁ። አዳራሹም አጨበጨበ።

አንደኛ አልወጡም። አሞጽ ሌላ አንድ ጥያቄ ተሳሳተ፤ ሚርያምም አንድ ጥቅስ አምታታች። ከስድስት ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛ ሆኑና ለሁለቱም ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጣቸው። ሔርሜላ የተሰጣት ነገር የለም።

ሲመለሱ አቶ ደምለው ልጃቸውን ሊቀበሉ ከመናኸሪያው ቆመው ነበር። ሔርሜላን በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

«ያስጠናሽልኝ አንቺ ነሽ አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሚመጣው ዓመት ደግሞ አንቺ ትሄጃለሽ።»

ሔርሜላ አሞጽን አየችው፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች።

«እሱን አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «መጀመሪያ ሁላችንም እንጠየቃለን።»

ልጆቼ፣ ሰው በተቀመጠበት ቦታ አእምሮው አይታወቅምና፣ ጠይቃችሁና ታግሣችሁ ሳትሰሙት ስለ ማንም «አያውቅም» አትበሉ።